ኪንታሮት ነው ያላችሁ ማነው?

እናንተ ሰፈር ስንት ሐኪም አለ? እኛ ጋ ሐኪም ያልሆነ የለም። ሆዴን አቃጠለኝ ያለ ሰው "ጨጓራ ነው፣ ተልባ ጠጣ" ይባላል። ደም አየሁ ያለ "ኪንታሮት ነው፣ በርበሬ ተው" ይባላል። ጡቷ ላይ እብጠት ያገኘችው ደግሞ "ምች ነው፣ ይጠፋል" ተብላ ቤቷ ትገባለች። ካርድ አልወጣም፣ ምርመራ የለም፣ የበሽታው ስም ግን ወጥቷል። ስም ከወጣለት በኋላ ማንም አይጨነቅም።

ወገኖቼ፣ ይህን ነገር ተዉ። ካንሰር በዚህ አገር ብዙ ሰው የሚጨርሰው ዘግይተን ስለምንደርስበት ነው። ምልክቱን ሳናየው ቀርተን አይደለም። አይተነዋል፣ ቀለል ያለ ስም ሰጥተነው ነው።

ከኪንታሮት ልጀምር፣ በእሱ ስም የሚሸፈነው ብዙ ነውና። ኪንታሮት በእርግጥ አለ፣ ብዙ ሰውም ያደማል። ግን የትልቁ አንጀት ካንሰርም ያደማል። ሁለቱን በወሬ የሚለይ ጎረቤት አልተወለደም። ደሙ ከተደጋገመ፣ የሰገራችሁ ልማድ ከተለወጠ፣ ተጸዳድታችሁም ያልጨረሳችሁ ከመሰላችሁ፣ ያለ ምክንያት ከከሳችሁ ታዩ። ሐኪሙ በጣት ይመረምራል፣ አዎ፣ ያሳፍራል። ሁለት ደቂቃ ነው። በየመብራት ምሰሶው ላይ "ኪንታሮት እንነቅላለን" ብሎ ስልኩን የለጠፈ ሰው ጋ ስትሄዱ ግን አታፍሩም!

ጨጓራም ያው ነው። ኦሜፕራዞል በራሱ ፈቃድ እየገዛ ዓመት የሚቆይ ሰው ሞልቷል። መድኃኒቱ ቃጠሎውን ያስታግሳል፣ የሚያዘናጋውም ለዚህ ነው። ክብደት መቀነስ፣ ተደጋጋሚ ትውከት ወይም የጠቆረ ሰገራ ያለበት ጨጓራ ኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ ውስጡን ማየት) እንጂ ተልባ አይፈልግም። አርሲና ባሌ ያላችሁ በተለይ ስሙኝ። የምግብ ቧንቧ ካንሰር እናንተ አካባቢ ይበዛል። መጀመሪያ እንጀራው አልወርድ ይላል። ሰውየው ወደ ገንፎ ይዞራል። ከዚያ ገንፎውም እምቢ ይላል፣ ወደ አጥሚት ይዞራል። ሐኪም ቤት የሚሄደው ውሃው ሲመለስ ነው። ለምን? እንጀራው የተናነቀው ጊዜ መሄድ ነበረበት።

እናቶች፣ እህቶች፣ "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" እያላችሁ ያሳደጋችሁን እናንተ ናችሁ። የምትደብቁትም እናንተው ናችሁ። በአገራችን ሴቶች ላይ ከሁሉም የበዙት የጡትና የማኅፀን በር ካንሰር ናቸው። የጡት ካንሰር ሲጀምር ብዙውን ጊዜ አያምም። "ካላመመኝ ምን አስጨነቀኝ" የሚባለው ነገር ስንቷን ወሰደ! የወር አበባችሁ ካለፈ ከጥቂት ቀናት በኋላ ጡታችሁንና ብብታችሁን በጣታችሁ ዳብሱ። ጠጠር ያለ እብጠት፣ ወደ ውስጥ የገባ የጡት ጫፍ፣ ከጫፉ የሚወጣ ደም፣ እንደ ብርቱካን ልጣጭ የሆነ ቆዳ ካገኛችሁ ሳምንት አታሳልፉ። ወጣት ነኝ አትበሉ፣ እኛ አገር ብዙዎቹ ታማሚዎች ሃምሳ ዓመት እንኳ አልሞላቸውም። አብዛኛው እብጠት ካንሰር አይደለም፣ ግን ይህን የሚናገረው ከእብጠቱ ትንሽ ተወስዶ የሚደረግ የናሙና ምርመራ ነው። "ቢላ ከነካው ይሰራጫል" የሚባለውም ወሬ ነው። ዘግይተው ሄደው፣ ተሰራጭቶ ካለቀ በኋላ ቢላውን ይከሱታል።

ካረጣችሁ በኋላ ደም ካያችሁ "የወር አበባዬ ተመለሰ" ብላችሁ አትደሰቱ። ከግንኙነት በኋላ የሚመጣ ደምና መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽም ዝም አይባልም። ለማኅፀን በር ካንሰር ደግሞ ምልክት መጠበቅም አያስፈልግም። ከ30 እስከ 49 ዓመት ያላችሁ ምርመራውን የሚሰጥ ጤና ጣቢያ ጠይቃችሁ ሂዱ። የማኅፀን በሩን አሴቲክ አሲድ (እንደ ኮምጣጤ ያለ ፈሳሽ) ቀብተው ያያሉ፣ ነጣ ያለ ነገር ከታየ ካንሰር ሳይሆን በፊት ሊያክሙት ይችላሉ። ይህን ካንሰር የሚከላከለው ክትባትም ለልጃገረዶች ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ እየተሰጠ ነው። "ያመክናል" ብላችሁ ልጃችሁን ከክትባት የምታስቀሩ፣ ይህን ከየት አመጣችሁት?

ጠበል የምትሄዱትን ሂዱ እንጂ ማን ከለከለ። በኤች አይ ቪ ጊዜ ቤተክርስቲያን ራሷ ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብራችሁ ውሰዱ ብላ ነበር። ለካንሰር ሲሆን ምን ተለወጠ?

ወረፋው ይገድላል ትሉኛላችሁ። እውነት ነው። ለረጅም ዓመታት በመላ አገሪቱ የጨረር ሕክምና የነበረው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነው፣ ዛሬም ማሽኑና ታማሚው አይመጣጠኑም። በዚህ መንግሥት ይወቀስ፣ እኔም አብሬ እወቅሳለሁ። ግን በጊዜ የተገኘ ካንሰር አንዳንዴ በቀዶ ሕክምና ብቻ ያልቃል፣ ወረፋውንም አያይም።

ከሦስት ሳምንት ያለፈ ሳል ወይም የድምፅ መጎርነን፣ አልድን ያለ የአፍ ቁስል፣ አንገት ላይ እያደገ የሚሄድ እብጠት፣ ቆዳ ላይ መልኩ የተለወጠ ጥቁር ነጥብ፣ እነዚህም ያስኬዳሉ።

ሐኪሙ ፊት ስትቀመጡ ደግሞ አትቀንሱ። ስድስት ወር የቆየውን "ሰሞኑን ነው" አትበሉ። የተጠቀማችሁትን የባህል መድኃኒት ተናገሩ፣ ቢቆጣም ይቆጣ። ናሙና ከሰጣችሁ ውጤቱ መቼ እንደሚደርስ ጠይቃችሁ ውጡ፣ በቀኑም ሄዳችሁ ውሰዱ። ይደውሉልኛል ብላችሁ ቤት አትቀመጡ፣ ብዙ ቦታ አይደወልም።