ለመሳቢያችን ረጅም ዕድሜ

ሰው ሁሉ ቤት አንድ መሳቢያ አለ። ያለቀ የባትሪ ድንጋይ፣ አንድ እግሩ የተሰበረ መነጽር፣ የምን እንደሆነ ማንም የማያውቀው ቁልፍ ይኖርበታል። ከነሱ ስር ደግሞ ፋርማሲው አለ። ከአምናው ጥርስ የተረፈ፣ ከካቻምናው ሳል የተረፈ፣ ከማን እንደተረፈ የተረሳ ኪኒን።

ዛሬ ይህን መሳቢያ ላመሰግን ነው የመጣሁት። ካርድ አውጣ አይልም። ወረፋ የለውም። መቼ ጀመረህ፣ ምን በላህ እያለ አይነዘንዝም። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ብትስበው ይከፈታል፣ ትንሽ ቢያንገራግርም።

ባለፈው ጉሮሮዬን አመመኝ። አክስቴ ደውላ "ሃሎ" ከማለቴ ምርመራውን ጨረሰችው። ደም ስጥ የለ፣ አፍህን ክፈት የለ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ በሬን አንኳኳች። ከቦርሳዋ የተጠቀለለ ሶፍት አወጣች፣ ሶፍቱን ስትፈታው አራት እንክብል ከነማሸጊያው ወጣ። የማሸጊያው ጫፍ በመቀስ ተቆርጧል። የመድኃኒቱ ስምና ጊዜው የሚያልፍበት ቀን የነበሩት እዚያ ጫፍ ላይ ነበር።

"አክስቴ፣ ምንድን ነው ይሄ?"

"ቀይና ቢጫዋ ናት።"

"ስሟ ማነው?"

"ልጄ፣ ስሟ ምን ያደርግልሃል? እኔን ከአልጋ ያነሳችኝ እሷ ናት። በል ሁለቱን አሁን ዋጥ።"

እስቲ ይሄ እንዴት እምቢ ይባላል? ዋጥኩ። ቆማ አየችኝ፣ ጉሮሮዬን ሳይሆን መዋጤን። ቀይና ቢጫዋን አልፈልግም ማለት እኮ አክስቴን አልፈልግም ማለት ነው። ትራንስፖርት ከፍላ፣ ሥራዋን ጥላ፣ ለራሷ ክፉ ቀን ያስቀመጠችውን ይዛ የመጣችን ሴት፣ "ይህ በሽታ ምናልባት ቫይረስ ይሆናል" ብዬ ላስከፋት? ሰው ነኝ።

ሳይንስ ግን ምቀኛ ነው። ጉንፋን በሙሉ፣ የጉሮሮ ሕመምም አብዛኛው፣ የቫይረስ ሥራ ነው ይላል። ቀይና ቢጫዋ አንቲባዮቲክ ናት፣ አንቲባዮቲክ ደግሞ የሚገድለው ባክቴሪያን እንጂ ቫይረስን አይደለም። ስለዚህ ቀይና ቢጫዋ ሆዴ ገብታ ጠላቷን ብትፈልግ ብትፈልግ አጣችው። ባዶ እጇን ላለመመለስ አንጀቴ ውስጥ በሰላም የሚኖሩትን ባክቴሪያዎች ማጨድ ትጀምራለች። ደካማው ያልቃል። የሚቋቋማት ይተርፋል፣ የሞቱትን ቦታ ይወርሳል፣ ይራባል። ደግሞ ባክቴሪያ ንፉግ አይደለም። መድኃኒቱን ያሸነፈበትን ጂን፣ ማለት የዘር መመሪያውን፣ ቆንጥሮ ለጎረቤቱ ያቀብላል፣ ዘመዱ ላልሆነ ለሌላ ዝርያ ጭምር። እኛ ኪኒን እንዋዋሳለን፣ እነሱ ኪኒኑን የሚያከሽፍ ጂን ይዋዋሳሉ። ጉርብትና ማለት እንዲህ ነው። ሐኪሞች ይህን "ጀርሞች መድኃኒት ተላመዱ" ይሉታል። መላመድ ደግሞ ምን ክፋት አለው?

ፔኒሲሊንን እ.ኤ.አ. በ1928 ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ራሱ ደስታ የማይወድ ሰው ነበር መሰለኝ። በ1945 የኖቤል ሽልማቱን ሊቀበል ሄዶ፣ ሁሉም ሊያጨበጭብለት በተቀመጠበት፣ ስለ አንድ አቶ ኤክስ ማውራት ጀመረ። አቶ ኤክስ ጉሮሮውን ያመዋል። ፔኒሲሊን በራሱ ገዝቶ ይወስዳል። የወሰደው ጀርሞቹን ለመግደል አይበቃም፣ መድኃኒቱን እንዲቋቋሙ ለማስተማር ግን ይበቃል። ከዚያ በሽታውን ለሚስቱ ያስተላልፋል። እሷ የሳንባ ምች ይይዛታል፣ በፔኒሲሊን ትታከማለች፣ መድኃኒቱ አልሠራ ይላል፣ ትሞታለች። በቃ። በሽልማት ሰሞን እንዲህ ያለ ሟርት! እ.ኤ.አ. በ2019 መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ሳቢያ በቀጥታ የሞተው ሰው በዓለም ዙሪያ 1.27 ሚሊዮን ይገመታል። መቼም ከነዚያ መሐል የአቶ ኤክስ ሚስቶች አይጠፉም። አቶ ኤክስስ? አቶ ኤክስ ድኗል፣ መድኃኒቱን ለሰው እየመከረ ነው።

ሐኪሞቻችንም ምስጋና ይገባቸዋል፣ የእኛን አመል ስላወቁት። "እረፍ፣ ፈሳሽ ውሰድ፣ በሳምንት ይለቅሃል" ብሎ የሸኘ ሐኪም ምኑ ሐኪም ነው? ይህንንማ ዘበኛውም ይለናል። ደህና ሐኪም ይጽፋል። ጎበዝ ሐኪም መርፌ ያዛል። ወረቀት ሳይዝ የወጣ ታማሚ ቤተሰቡ ፊት ምን ብሎ ይቀርባል? "ምን አለህ?" ሲሉት "ምንም" ሊል? አንድ ሐኪም ወዳጄ ሳያፍር ነገረኝ፦ "ለምን እንደማላዝልህ ላስረዳህ ብል አሥር ደቂቃ ይፈጃል፣ መጻፍ ግን አንድ ደቂቃ። ውጪ ደግሞ አርባ ሰው ተቀምጧል።" እኔም ብሆን እጽፍ ነበር።

ከሁሉ በላይ ግን የማደንቀው ግንዛቤ የሚያስጨብጡንን ነው። "ያለ ሐኪም ትእዛዝ መድኃኒት አይውሰዱ" የሚል ፖስተር አሳምረው ያሠራሉ። የት ይለጠፋል? ሐኪሙ በር ላይ። ሐኪም ዘንድ የመጣውን ሰው ሐኪም ዘንድ ና ይለዋል። ሰውየውም ተሰልፎ ሦስት ሰዓት ሙሉ ያነበዋል፣ ሌላ የሚያነበው ስለሌለ። ያልመጣውስ? ያልመጣችው ሴትዮ የቀን ሠራተኛ ናት፣ አንድ ቀን ከቀረች የዚያን ቀን ክፍያ የለም። ሕፃኑን የሚይዝላት የለም። መንገዱ ሩቅ ነው፣ ደርሳም ቀጠሮ ይሰጧታል። ከጎረቤቷ መሳቢያ ሁለት ፍሬ ኪኒን ወስዳ ሥራዋ ገባች። ይህ ሁሉ ተጠቃሎ "የግንዛቤ ማነስ" ይባላል። የገንዘብ ማነስ፣ የጊዜ ማነስ፣ የሰው ማነስ ብለው እንዳይጽፉ ፖስተሩ አይበቃም። የዓለም ጤና ድርጅት ያቋቋመው አንድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2008 የሰውን ጤና የሚወስነው ሰው የሚወለድበት፣ የሚያድግበት፣ የሚኖርበት፣ የሚሠራበትና የሚያረጅበት ሁኔታ ነው ብሎ ደመደመ። ሪፖርቱ ግን ወፍራም ነው። በር ላይ አይለጠፍም።

መሳቢያችን ቸር ቢሆንም ደግሞ መራጭ ነው። የቲቢ መድኃኒት አያስገባም። ቲቢ አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ወር በተከታታይ የሚዋጥ መድኃኒት ይፈልጋል፣ ሳሉ ግን ከዚያ በፊት ጋብ ይላል። ያ ኪኒን የሚቀመጠው ኮት ኪስ ውስጥ ነው፣ ፍራሽ ስር ነው። ሰው እያየ አይዋጥም፣ እንግዳ ካለ ይዘለላል። ሳሉ ጋብ ሲል ደግሞ "ዳንኩ እኮ" ተብሎ ይተዋል፣ መደበቁም ስለሚሰለች። ሲመለስ የድሮው መድኃኒት የማያውቀው ሆኖ ሊመለስ ይችላል። ቀይና ቢጫዋን ለሰፈሩ በሶፍት ጠቅልለን እናድላለን፣ ለዚህኛው ግን "ብርድ መትቶት ነው" እንላለን። የማያስፈልገውን በአደባባይ፣ የሚያድነውን ተደብቀን። እንዲህ ያለ ጨዋነት ከየት ይገኛል?

ወደ ጉሮሮዬ ልመለስ። በአራተኛው ቀን ለቀቀኝ። ጉንፋን ነበር፣ ሊለቀኝ ነበር፣ ለቀቀኝ። አክስቴ ደወለች።

"አላልኩህም?"

"ብለሽኝ ነበር።"

"ስንት ቀረህ?"

"ሁለት።"

"እንዳትጥላቸው! ያን ቀን ስወጣ የጎረቤትህ ልጅ ሲያስል ሰምቻለሁ።"

ስልኩን ዘግቼ ጆሮዬን ወደ ግድግዳው ጠጋ አደረግኩ። እውነትም ያስላል።