«ዛፉን አትርፈነዋል» ይሉናል ደግሞ
ግንባታ ይቅር ያለ የለም። ግን ሁልጊዜ ቀድሞ የሚገባው ዶዘር የሆነው ለምንድን ነው? ገንቢዎቹ መጀመሪያ መሬቱን ሙልጭ አድርገው ይገፉታል። ምን ይኖርበት እንደነበር የሚጠይቅ ከተገኘም ከዚያ በኋላ ነው።

«አንድ ብንቆርጥ አሥር ችግኝ እንተክላለን» የምትለዋ ነገርማ ታንገበግበኛለች። ወፍ ጎጆ የምታደርገው ትልቅ የግንድ ሽንቁር እስኪፈጠር ብዙ ጊዜ ከመቶ ዓመት በላይ ይወስዳል። ጉጉቷ እስከዚያ የት ትደር? የሚተከለውም አገር በቀሉ ሳይሆን ለጌጥ የመጣው ነው። ካሜራው ከሄደ በኋላ ደግሞ ውሃ የሚያጠጣው የለም።

«አተረፍነው» የሚሉት ዛፍም ቢሆን ጉዱ ብዙ ነው። ግንዱን ያስቀሩና ሥሩ ላይ አሸዋ ይቆልላሉ፣ ገልባጭ መኪና ያመላልሱበታል። አብዛኛው ሥር እኮ ያለው ከላይ ባለው 60 ሴንቲሜትር ገደማ አፈር ውስጥ ነው፤ ወደ ጎንም ከቅርንጫፎቹ ጥላ አልፎ ይሄዳል። አፈሩ ሲጠቀጠቅ አየርም ውሃም እንደልብ አያስገባም። ዛፉ ታዲያ ወዲያው አይሞትም። ዓመታት ቆይቶ ከጫፉ መድረቅ ይጀምራል። ያኔ «አርጅቶ ነው» ተብሎ ይቆረጣል። አርጅቶ!

ማሽን ሳይገባ ዙሪያውን ሰፋ አድርጎ ማጠር ይሄን ያህል ከባድ ነው? ምንጣሮውን ወፎች ጫጩት ከሚያሳድጉበት ወቅት ማሳለፍስ? ለቤት ሽያጭ ማስታወቂያ ሲሆን እኮ አረንጓዴ ዛፍ በሥዕል መደርደር ማንንም ከብዶት አያውቅም።