አንበሳ ስንጠብቅ

ዐቢይ ጾም ሊገባ ሰሞን ወደ ንስሐ አባቴ ሄጄ ነበር። እንደ ልማዴ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ «ከባድ ነገር እንኳ የለብኝም አባ፤ ሰው አልገደልሁ፣ ቤት ሰብሬ አልገባሁ፣ በሐሰት አልማልሁ» እያልሁ ዐሥርቱን ትእዛዛት ከላይ ወደ ታች ስወርድ በትዕግሥት ሲያዳምጡኝ ቆዩና፣ «የጠየቅሁህ የሠራኸውን ነው ልጄ፤ ያልሠራኸውን እንቁጠር ካልንማ መቼ ያልቅልናል?» አሉኝ።

ሲታሰብ እውነት አላቸው። እኔ ሰው ያልገደልሁት በተጋድሎ አይደለም፤ ግደል ብሎ የለመነኝ ስለሌለ ነው። ባንክ ያልዘረፍሁትም ዲያብሎስ ሌሊቱን ሙሉ ሲወተውተኝ አድሮ በጸሎት ድል ስለ ነሣሁት ሳይሆን፣ የደሴን አቀበት ባዶ እጄን ስወጣው እንኳ የማለከልክ ሰው የገንዘብ ከረጢት ተሸክሜ ልሮጥበት እንደማልችል እሱም ስለሚያውቅ ነው።

ቅዱስ ጴጥሮስ በመጀመሪያው መልእክቱ ባላጋራችን ዲያብሎስ የሚውጠውን ፈልጎ እንደሚያገሣ አንበሳ ይዞራልና ንቁ ብሎናል። እኛ ግን ከቃሉ አንበሳውን ብቻ ነጥለን ይዘን፣ ግሣቱ እስኪሰማ ድረስ በሩን ገርበብ አድርገን እንተኛለን። በመኃልየ መኃልይ ምዕራፍ 2 የወይናችንን ቦታ የሚያጠፉትን ጥቃቅኑን ቀበሮች አጥምዳችሁ ያዙልን የተባለውን ደግሞ፣ ወይን ለሚያለሙ ሰዎች የተላለፈ የግብርና መመሪያ አድርገን ትተነዋል። የወሎ ሰው እንኳ ይህን መዘንጋት አልነበረበትም። ቦረና ሳይንት ወጥቶ ቀይ ቀበሮ ሲያድን ያየ ሰው እንደሚያውቀው፣ ይህ እንስሳ አያገሣም፤ ጆሮውን ቀስሮ፣ እግሩን ሳያንቀሳቅስ ከጉድጓዱ አፍ አጠገብ ይቆማል፤ አይጧም እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ድረስ የሚታያት ሣሩ ብቻ ነው።

የራሴን አይጥነት ልናገር። ጠዋት ስልክ ሲደወልልኝ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ «መንገድ ላይ ነኝ» እላለሁ፤ ደዋዩም የት ደረስህ የሚለኝ ከራሱ አልጋ ላይ ስለሆነ ተጎጂ ያለበት ውሸት አይመስለኝም። የባጃጅ መልስ በዝቶ ሲሰጠኝ «እግዜር ሲሰጥ» ብዬ ኪሴ እከተዋለሁ፤ ሲጎድልብኝ ግን የሾፌሩ ፈሪሃ እግዚአብሔር በጣም ያሳስበኛል።

በጾም ወራት ደግሞ እንደ እኔ ያለ ዘበኛ የለም። ሱቅ በር ላይ ቆሜ የብስኩት መጠቅለያ እንደ ዳዊት አገላብጬ እደግማለሁ፤ የወተት ዱቄት የሚል ቃል የትንኝ እግር በሚያካክል ፊደል ተጽፎ ካገኘሁ ብስኩቱን እንደ እርም ነገር ለባለ ሱቁ እመልስለታለሁ። ከዚያ እዚያው ባንኮኒው ላይ ተደግፈን የማኅበራችን ገንዘብ ያዥ የሚያሠራው ቤት ስንት ቆርቆሮ እንደ ፈጀ እንተሳሰባለን። ጌታ በወንጌል ትንኝ አጥልለው ግመል ስለሚውጡ ሰዎች ሲናገር እንዲህ ያለውን ባንኮኒ እያየ መሆን አለበት።

የሐሜት መግቢያ ትኬቷ «ለማማት አይደለም እንጂ» የምትለው ሐረግ ናት። እርስዋ ቀድማ እንደ ጠበል ከተረጨች በኋላ የሚነገረው ሁሉ ሐሜትነቱ ይቀርና መረጃ ይሆናል። መንፈሳዊነታቸው ከፍ ያለው ደግሞ «እግዚአብሔር ይርዳት እንጂ» ብለው ይጀምራሉ። የሚጸለይላት ሴት ችግሯ ሳይታወቅ መጸለይ አይቻልምና ዝርዝሩ ይከተላል፤ ዝርዝሩ ሲያልቅ ቡናው በረካ ላይ ደርሷል፤ ጸሎቱ ግን እስከ ዛሬ አልተጀመረም። ቅዱስ ያሬድ በጾመ ድጓው ዓይን ይጹም፣ አንደበት ይጹም፣ ጆሮም ክፉ ከመስማት ይጹም ይላል፤ እኛ ሦስቱን አስፈስከን ሆድን ብቻ አስረነዋል።

በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ገብቶ፣ ረመዳን ደግሞ በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ሲከተለው በሰፈራችን ያልታሰበ ነገር ሆነ፤ የቀን ቡና ቀረ። ግድግዳ የምንጋራቸው ሙስሊም እናት ጀበናቸውን እስኪመሽ አይጥዱም፤ እኛም ቅዳሴ እስኪወጣ አፋችን ላይ ውኃ አናደርስም። ያለ ቡና ማማት ያለ ወጥ እንጀራ እንደመዋጥ ሆኖብን፣ ለሁለት ሳምንት ያህል የሰፈሩ ሰው ስም በሰላም ውሎ በሰላም ገባ። እንዲህ ያለ ሰላም ከዚያ በፊት አላስታውስም።

ታዲያ አንድ ዓርብ ማምሻ የመግሪብ አዛን እንዳለ እኚሁ እናት ለማፍጠሪያ ጠሩኝ። ተምሩ ቀርቧል፣ ሾርባው ይጨሳል፣ ሳምቡሳውም በሁለት ሳሕን ጎን ለጎን ተቀምጧል። «በስተቀኝህ ያለው ምስር ነው የኔ ልጅ፤ ላንተ ብዬ ዘይቱንም ለብቻ አድርጌ ነው የጠበስሁት» አሉኝ። ገና አመስግኜ ሳልጨርስ መብራት ጠፋ።

እሳቸው ሻማ ፍለጋ በእጃቸው ግድግዳውን ሲዳብሱ፣ በእኔ ውስጥ አንድ ጠበቃ ተነሥቶ ቆመ። በጨለማ የተበላ በስሕተት የተበላ ነው፤ በስሕተት የተበላ ደግሞ በጥቂት ስግደት የሚያልፍ ነው፤ በዚያ ላይ በጨለማ ግራና ቀኙን ለይቶ የሚያውቅ ማን ነው ሲል ተከራከረ። እኔ ግን ግራዬን በደንብ ዐውቅ ነበር። እጄ በዝግታ ሄደ፤ ጣቴ ሞቅ ያለውን የሳምቡሳ ጥግ ሲነካ ከወደ ጓዳው በኩል «እሱ የኛ ነው» የሚል ድምፅ መጣ።

«እንዴት ዐወቁ እማማ?»

«የግራው ሳሕን ቂጡ ሸራፋ ነው፤ ሲነኩት ይንገጫገጫል። ዛሬ ዓርብ አይደለም እንዴ? ያውም በሁዳዴው!»

ሻማው ሲበራ ፊቴን የማደርግበት ስለ ጠፋኝ ጨዋታ ለመቀየር ብዬ «ለማማት አይደለም እንጂ እማማ፣ ያቺ የማዶዋ ሴትዮ…» ስል እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝ።

«ተው የኔ ልጅ። ቁርኣናችን ሰው ማማት የሞተ ወንድምን ሥጋ እንደመብላት ነው ይላል። ሳምቡሳውን ከልክዬህ ስታበቃ ይሄን ላብላህ?»

የምስሩን ሳምቡሳ ዝም ብዬ በላሁ። በርበሬው በዝቶበት ነበር፤ ይህን መናገሬም ሐሜት ይሆን?

በማግስቱ ጥቃቅኖቹን በወረቀት ላይ መዘገብሁና ሰባት አድርሼ ወደ ንስሐ አባቴ ተመለስሁ። ከፊቴ አንዲት ሴት ገብታ ነበር፤ ዕንጨቱ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ብጠብቅ ብጠብቅ አትወጣም። ይህን ያህል የሚያስቆያት ምን ይሆን ብዬ አሰብሁ። ከዚያ የገንዘብ ያዡ ጎረቤት መሆኗ ትዝ አለኝ፤ ከዚያም የቆርቆሮው ቁጥር ትዝ አለኝ፤ ነገሩንም እየገጣጠምሁ ቤቱን ከነጣሪያው ልጨርሰው ስል ወረቀቱ ከጭኔ ላይ ወደቀ። አንሥቼው ስምንተኛውን ልጽፍ እስክሪብቶዬን ከደረት ኪሴ ባወጣ፣ ጎኑ ላይ የመሥሪያ ቤታችን ስም ታትሞበታል። ዘጠነኛውንም በእሱው ጻፍሁት።