ለሞቱ ጓደኞቻቸው ላይብረሪ ከፈቱ፤ እኛስ?

ወገኖቼ፣ እንግሊዝ አገር የምትኖሩ ሐበሾች፣ በተለይ ኖሪችና አካባቢዋ ያላችሁ፣ ዛሬ ልወቅሳችሁ ነው። የምወቅሳችሁም ስለምወዳችሁ ነው።

መሀል ኖሪች ያለውን፣ ዘ ፎረም የሚባለውን ትልቅ የመስታወት ሕንፃ የማያውቅ የለም። ብርድ ሲሆን እንገባለን። ዋይፋይ እንጠቀማለን። የሆም ኦፊስ ፎርም ፕሪንት እናደርጋለን። ልጆቻችንን እናጫውታለን። እዚያው የከተማው ላይብረሪ ውስጥ የአሜሪካ ላይብረሪ የሚባል ክፍል አለ። ዓመት ሙሉ በአጠገቡ ታልፋላችሁ። ስንቶቻችሁ ገባችሁ? የጠየቅኳቸው ሁሉ ማለት ይቻላል ምን እንደሆነ አያውቁም። አንድ ወዳጄማ «የፈረንጅ ጦርነት ለእኔ ምኔ ነው?» ብሎ አፌን አስያዘኝ።

ምንህ እንደሆነ ልንገርህ። እናንተም ስሙ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ስምንተኛ አየር ኃይል መጥቶ እንግሊዝ ሰፈረ (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው)። በእሱ ሥር ያለው ሁለተኛው የአየር ዲቪዚዮን ደግሞ ኖርፎክንና የሳፎክን ሰሜናዊ ክፍል ያዘ። ቢ-24 ሊብሬተር የሚባሉ ባለአራት ሞተር ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ነበሩት። ለእነሱ የሚሆኑ 14 ጣቢያዎች በገበሬው ማሳ ላይ ተሠሩ። ዋና መምሪያው ከኖሪች ወጣ ብሎ ኬተሪንግሃም ሆል ነበር። ከዚህ ከአንዱ ዲቪዚዮን ብቻ ወደ 7,000 የሚጠጉ አሜሪካውያን ሞቱ። ብዙዎቹ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያሉ ልጆች ነበሩ።

ከኖሪች በኬኤልኤም ወደ አምስተርዳም፣ ከዚያ ወደ አዲስ አበባ የበረራችሁ አላችሁ። የተነሳችሁበት ሜዳ ያኔ ሆርሻም ሴንት ፌዝ ይባል ነበር። የ458ኛው የቦምብ ጣይ ቡድን ጣቢያ ነው። ሄተል፣ ዛሬ የሎተስ መኪና የሚሠራበት፣ የ389ኛው ነበር። ሻንጣችንን እየጎተትን የምናልፈው በእነሱ መነሻ ላይ ነው።

የሚበሩት እንዴት ነበር? ሊብሬተር እንደ ዛሬው የመንገደኛ አውሮፕላን ሙቀትና አየር የሚጠበቅበት አይደለም። አሥር ሰው ገደማ ይጭናል። ከላይ ብርዱ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ይደርሳል። ጎንና ጎን ያሉት ተኳሾች በተከፈተ መስኮት መትረየስ ይዘው ይቆማሉ። የለበሱት ልብስ በኤሌክትሪክ ይሞቃል። ሽቦው ከተበጠሰ ጣትና እግር በብርድ ይሞታል። የኦክስጅን ቱቦው ከተነቀለ ሰውዬው ሳይታወቀው ራሱን ስቶ ይወድቃል። ይህን ሁሉ ችሎ የተመለሰ ሰው በማግስቱ ደግሞ እንዲነሳ ይጠራል። መጀመሪያ 25 ጊዜ የበረረ አገሩ ይገባ ነበር። በኋላ 30 አደረጉት። ከዚያ 35።

ሴፕቴምበር 27 ቀን 1944 ከቲበንሃም የተነሳው 445ኛው ቡድን ጀርመን ውስጥ ካስል የምትባለውን ከተማ ሊመታ ሄደ። በአቅጣጫ ስህተት ከሌሎቹ ተለይቶ ብቻውን ቀረ። የጀርመን ተዋጊዎች አገኙት። ከ35ቱ አውሮፕላኖች 25ቱ እዚያው ጀርመን ምድር ላይ ተመትተው ወደቁ፤ ነገሩ የደቂቃዎች ጉዳይ ነበር። ቲበንሃም ተመልሰው ያረፉት 4 ብቻ ናቸው። ጠዋት ቁርስ ሲበላ ጢም ብሎ የነበረው አዳራሽ ማታ እንዴት እንደነበር አስቡት።

ኖሪች ውስጥም የወደቀ አለ። በ1944 ኖቬምበር ላይ «ሌዲ ጄን» የሚሏት ሊብሬተር የአንድ ቤተ ክርስቲያን ማማ ነካችና ሃይም ስትሪት አጠገብ ተከሰከሰች። ውስጧ የነበሩት ሁሉ አለቁ። የመንደሩ ሰው ከቤቶቹ ላይ ሳትወድቅ በመቅረቷ አብራሪውን አመሰገነ። የመታሰቢያ ጽሑፍም አቆመ። በዚያ ሰፈር የምትኖሩ ሐበሾች እንዳላችሁ አውቃለሁ። ሄዳችሁ አይታችሁት ታውቃላችሁ?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ጦርነቱ ሊያበቃ ሲል፣ በ1945፣ የተረፉት ወደ አገራቸው ከመግባታቸው በፊት ተማከሩ። የዲቪዚዮኑ አዛዥ ሜጀር ጄኔራል ዊሊያም ኬፕነር ነበሩ። ለሞቱት ጓዶቻችን ምን እናቁምላቸው ተባባሉ። ከየኪሳቸው አዋጡ። ከ20,000 ፓውንድ በላይ ሆነ፤ በጊዜው ትልቅ ገንዘብ ነው። ሐውልት ማቆም ይችሉ ነበር። እነሱ ግን የኖሪች ሰው ገብቶ የሚያነብበት ክፍል ይሁንልን አሉ። እነሱ ሊያነቡበት አይደለም። እነሱማ መርከብ ላይ ሊወጡ ነው። ለማያውቁት ሰው፣ ገና ላልተወለደ ልጅ፣ ከየት እንደሚመጣ ለማይታወቅ እንግዳ ነው የከፈሉት። ያ እንግዳ አንተ ነህ ወዳጄ። አንቺም ነሽ እህቴ። ልጃችሁ ደግሞ ከማንም በላይ።

ገንዘቡ ከተዋጣ በኋላ ሥራው ወዲያው አልሆነም። ከተማዋ ራሷ በ1942 ሚያዝያ በጀርመን ቦምብ ከ200 በላይ ሰው የሞተባት ናት። አዲስ ላይብረሪ እስክትሠራ መጠበቅ ነበረባቸው። 18 ዓመት! ክፍሉ የተመረቀው ጁን 13 ቀን 1963 ነው። 18 ዓመት ሙሉ አደራው አልተበላም። እዚህ ላይ ቆም በሉ። የኛ ኮሚኒቲ ስንት ጊዜ ገንዘብ አዋጥቶ በስድስተኛው ወር ኮሚቴው ተጣልቶ ተበተነ? ስንት ጊዜ «አዳራሽ እንገዛለን» ተብሎ በፌስቡክ ስድብ አለቀ? ሰው ሁሉ የየራሱን ያውቃል።

ኦገስት 1 ቀን 1994 ደግሞ ላይብረሪው በእሳት ወደመ። ከ100,000 በላይ መጻሕፍት ነደዱ። የመታሰቢያው ክፍልም አብሮ ሄደ። ምድር ቤት የነበሩት የኖርፎክ የታሪክ ሰነዶች ውሃ ቢጠጡም በብዙ ድካም ተረፉ። ቀኑን ልብ በሉ። በ1943 በዚያው በኦገስት 1፣ ከኖርፎክ ወደ ሊቢያ የሄዱ ሦስት የዚህ ዲቪዚዮን ቡድኖች የሮማንያውን የፕሎየሽቲ የነዳጅ ማጣሪያ ሊመቱ ሄደው ብዙ ሰው ያጡበት ቀን ነው። አጋጣሚ ነው። ግን ያወቀ ሰው ያዝናል። ያኔ ያዋጡት ወታደሮች፣ አሁን ሽማግሌ የሆኑት፣ ተስፋ አልቆረጡም። ፎረሙ በአሮጌው ላይብረሪ ቦታ ላይ ተሠራ። መታሰቢያውም፣ ያ ዛሬ የአሜሪካ ላይብረሪ የምንለው፣ በ2001 ኖቬምበር ተመልሶ ተከፈተ። ዛሬ የሞቱት ስም የሰፈረበት መዝገብ አለ። ስለ አሜሪካ ታሪክ፣ ሥነ ጽሑፍና ኑሮ በሺዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍት አሉ። መጽሐፉ መደርደሪያ ላይ ተከርችሞ አይቀመጥም። በካርድ ወደ ቤት ይወሰዳል።

«የነጭ ጦርነት» ለሚሉም መልስ አለኝ። ነገሩ ሁሉ ያማረ ነበር አልልም። ያኔ የአሜሪካ ጦር በቀለም የተከፋፈለ ነበር። ጥቁር ወታደሮች ቦምብ ጣይ አያበሩም ነበር። ግን በምሥራቅ እንግሊዝ ማኮብኮቢያ ሠርተዋል። ቦምብና ነዳጅ በካሚዮን አመላልሰዋል። በ1943 ጁን ላንካሸር ውስጥ ባምበር ብሪጅ በምትባል መንደር የዚሁ የስምንተኛው አየር ኃይል ጥቁር ሾፌሮች ከነጭ ወታደራዊ ፖሊሶች ጋር ተታኩሰዋል። አንድ ጥቁር ወታደር ሞቷል። ይህን ማወቅ የምትፈልጉ ደግሞ የሚነበብ ነገር የምታገኙት ላይብረሪ ገብታችሁ ነው።

ቦምቡ ያረፈበትስ ሰው? እሱንም አልዘለውም። ከእነዚህ አውሮፕላኖች የወረደ ቦምብ ሴትና ሕፃን ገድሏል። ኤፕሪል 1 ቀን 1944 የዚሁ ዲቪዚዮን ሊብሬተሮች መንገድ ስተው በጦርነቱ ውስጥ ያልነበረችውን የስዊዘርላንድ ከተማ ሻፍሃውዘንን ደበደቡ። 40 ሰው ሞተ። ሙታንን ማክበር ይህን መሸፈን አይደለም። ላይብረሪ ለመታሰቢያነት የተሻለ ነው የምለው ለዚህም ነው። ሐውልት አንድ ነገር ብቻ ይላል። መጽሐፍ ባለበት ክፍል ግን ተከሳሹም ከሳሹም ይሰማል። የካስሉን ዘመቻ ውጊያ ልጅ ሆኖ ያየ አንድ ጀርመናዊ አድጎ፣ መዝገብ አገላብጦ፣ የተረፉትን አሜሪካውያን ፈልጎ አገኘ። በ1990 አውሮፕላኖቹ በወደቁበት ጫካ መታሰቢያ ቆመ። የአሜሪካውያኑም የጀርመኖቹም ስም አንድ ላይ ተጽፏል። ይህ የሆነው ስም በመዘገቡና በሚያነቡ ሰዎች ምክንያት ነው።

እኛስ? «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» እያልን ያደግን ሕዝብ ነን። ታዲያ የስንቱን ስም ይዘናል? ስድስት ኪሎ የቆመውን የየካቲት 12 የሰማዕታት ሐውልት ሁላችንም እናውቃለን። ካረፉት ሰዎች መካከል የአምስቱን ስም የሚጠራ ስንት ሰው አለ? አሜሪካዊ አብራሪ ለእኛ ምናችን ነው ያልከው ወዳጄ፣ ጆን ሮቢንሰንን ታውቀዋለህ? ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ጣልያን ሊወረን ሲነሳ በ1935 አዲስ አበባ መጥቶ ለኢትዮጵያ በረረ። ከነጻነት በኋላም ተመልሶ አብራሪዎቻችንን አሰለጠነ። በ1954 በአውሮፕላን አደጋ ሞቶ እዚያው አዲስ አበባ ተቀበረ። ለእኛ ብሎ የመጣን ሰው ስሙን ሳናውቅ «ምናችን ነው» ማለት ነውር ነው። አዎ፣ ነውር ነው።

ሰው ሲሞትብን ምን እናደርጋለን? ፎቶው ያለበት ቲሸርት እናሠራለን። አዳራሽ እንከራያለን። ምግብ ይተርፋል። ተዝካሩ ደግ ነው፣ አልነቅፍም። የሟች ቤተሰብ ብቻውን እንዳይሆን የምናደርገው መሰባሰብ ፈረንጅ የሚቀናበት ነው። ግን ከዚያ ሁሉ ወጪ አንድ መጽሐፍ ተገዝቶ በሟቹ ስም ለአንድ ላይብረሪ ሲሰጥ አላየሁም። አንድም ጊዜ። ልጆቻችን አማርኛ አያነቡም ብለን እናለቅሳለን። የሚያነቡትን ያስቀመጥንላቸው የት ነው?

ብዙዎቻችሁ ለዜግነት የላይፍ ኢን ዘ ዩኬን ፈተና ተቀምጣችኋል። ለ24 ጥያቄ ስትሉ የጦርነቱን ዓመተ ምሕረቶች ሸምድዳችኋል። ፓስፖርቱ እጃችሁ ከገባ በኋላ መጽሐፉ ቁም ሳጥን ላይ ተወረወረ። የዚህ አገር ዜጋ ነኝ ብላችሁ ቃል ገብታችሁ የለ? የዜግነት ዕዳው ግብር መክፈል ብቻ አይደለም። እነዚህ ላይብረሪዎች በነጻ የሚያበድሩን ሕግ ስላለ ነው። ሕግ ቢኖርም ከ2010 ወዲህ በመላ አገሪቱ በመቶዎች የሚቆጠሩ ተዘግተዋል። ካውንስል በጀት ሲጠበው መጀመሪያ የሚያየው ማን እንደሚገባና ስንት መጽሐፍ እንደሚወጣ ነው። ያልገባችሁበት በር ሲዘጋ ማንን ልትወቅሱ ነው?

ስለዚህ የዚህን ቅዳሜ ቀጠሮ ያዙ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ፎረም ሂዱ። የላይብረሪ ካርድ የሌላችሁ አውጡ፤ በነጻ ነው። የአሜሪካ ላይብረሪ ገብታችሁ የስም መዝገቡ የቱ እንደሆነ ሠራተኞቹን ጠይቁ፤ ደስ ብሏቸው ያሳዩአችኋል። ልጁ አንድ ገጽ ድምፁን አውጥቶ ያንብብ። ቢያንስ አንድ መጽሐፍ ተውሳችሁ ውጡ፤ በጊዜውም መልሱ። ስትወጡ ዋናው ላይብረሪ ጠረጴዛ ጋ ቆማችሁ የአማርኛ መጻሕፍት እንዲገዙ አመልክቱ። አንድ ሰው ቢጠይቅ ይረሳል፤ ሃያ ሰው ከጠየቀ ግን መልስ ይኖረዋል። የኮሚኒቲ ኮሚቴ አባላት ደግሞ በሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳ አስይዙ፤ በዓመቱ ውስጥ ላረፉ ወገኖቻችን በእያንዳንዳቸው ስም አንድ አንድ መጽሐፍ ይገዛ፣ የውስጥ ሽፋኑ ላይ ስማቸው ይጻፍ። ገንዘቡን ማን እንደያዘና ስንት እንደሆነ ደግሞ በየወሩ ለሁሉም ይነገር።