ማስተካከያ፦ የአዋሹ ጉጉት አልታመመም

ከጅማ አዋሽ ፓርክ ደርሰን ስንመለስ በለጠፍኩት ፎቶ ላይ «የዚህ ጉጉት የዓይን ቆብ ቀልቷል፤ ታሟል» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። የምሥራቅ አፍሪካ ወፎች መለያ መጽሐፍ ሳገላብጥ ነገሩ ሌላ ሆኖ አገኘሁት። ወፉ የቬሮ ጉጉት ነው። ሮዝ የዓይን ቆብ የተፈጥሮ መለያው ነው፤ ዓይኑን ጨፈን ሲያደርግ ኩል ሳይሆን ሊፕስቲክ የተቀባ ይመስላል! ከአፍሪካ ጉጉቶች ትልቁ እሱ ነው፤ ርዝመቱ 65 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ፈዛዛ ፊቱን ግራና ቀኝ ጥቁር መስመር ያቅፈዋል። በዚያው ደረቅ ቆላ የሚገኘው ግራጫማው ጉጉት በጣም ያንሳል። ጽሑፌን አይታችሁ «ተይዞ ይታከም» ያላችሁ ወዳጆች፣ እባካችሁ ተዉት። ቀን ግራር ላይ ተኝቶ ካገኛችሁት ራቅ ብላችሁ በባይኖኩላር እዩት። የፎቶውን መግለጫም አርሜዋለሁ።