ቅሬ የሌለው ቤት

በየስልኩ ላይ አንድ ፎቶ ይዞራል። ነጭ ቫን የኋላ በሩን ወደ ሐይቅ ከፍቶ ቆሟል፤ ፍራሹ ላይ እግሩን የዘረጋ ሰው አለ፤ ከእግሩ ጣት ማዶ ውሃ ብቻ። ፎቶው የተነሳው ባሕር ማዶ ነው። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ግድም ርቆ በሚገኘው በእኛው ሐይቅ ዳር ቢነሳ ኖሮ፣ በእግሩና በውሃው መካከል አንድ መንጋ ሕፃን፣ ሁለት ፍየል እና «ልጄ፣ ምን ብትሆን ነው ሜዳ ላይ ያደርከው?» የሚሉ አንዲት እናት ይገኙበት ነበር።

ፈረንጅ መኪና ውስጥ ለመኖር ሲነሳ ዋናው ሐሳቡ ከሰው መራቅ ነው። የቮልስዋገን ቫን እ.ኤ.አ. በ1950 መመረት ከጀመረ ወዲህ አልጋ፣ ምድጃና መጋረጃ ሲገጠምለት ኖሯል። ከሦስቱ ትልቁ መጋረጃው ነው፤ ሲዘጋ ጎረቤት ያበቃል። ወሎ ላይ ግን በጠራራ ፀሐይ መጋረጃ የዘጋ መኪና «ውስጤ የታመመ ሰው አለ» ብሎ አዋጅ እንዳስነገረ ይቆጠራል። ጠያቂ ይመጣል። ጠያቂ ባዶ እጁን አይመጣም፤ ባዶ ሆዱንም አይሸኝም።

ስለዚህ እዚህ አገር ባለ ጎማ ቤት ሊሠራ ያሰበ ሰው ስንት ሰው እንደሚያስተኛ ከማስላቱ በፊት ስንት ሰው ቡና እንደሚያጠጣ ያስላ።

መኪናውን በተመለከተ ክርክር አያስፈልግም፤ ሃይኤስ ነው። ከባሕር ማዶ የመጣው ውብ ካምፐር የሚሰበረው መርሳ ላይ፣ መለዋወጫው ያለው ሃምቡርግ ነው። ሃይኤስን ግን ከኮምቦልቻ እስከ ወልድያ ያለ ማንኛውም መካኒክ ዓይኑን ጨፍኖ ይፈታዋል፤ ዕቃው ቢጠፋ እንኳ ከቆመ ሚኒባስ ላይ ይገኛል። የተራው ሃይኤስ የውስጥ ወርድ 1 ሜትር ከ50 ግድም ስለሆነ አግድም የተኛ ሰው ጉልበቱን አጥፎ ያድራል፤ አልጋው በቁመት ይዘርጋ። ቆሞ ሱሪ መልበስ የሚባል ነገር ይረሳ። ለአልጋው ወለል 12 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ ይበቃል፤ 18 ካልሆነ የሚል አናጺ ካለ ዝምድናው ከእንጨት ነጋዴው ጋር ነው። ምስማር አይመታበት። ኮረኮንች ላይ ሲንቀጠቀጥ ምስማር ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣና መጀመሪያ ፍራሹን፣ ቀጥሎ ባለቤቱን ያገኛል። ብሎን፣ ዳዶ፣ ከሥሩ ሮንዴላ ይግባበት። አልጋው ደግሞ ሁለት ሰው ተጋግዞ በአምስት ደቂቃ ነቅሎ የሚያወርደው ዓይነት ይሁን። ምክንያቱ ኋላ ይመጣል።

ክብደት ሌላው ጣጣ ነው። መኪናው ሰውን ጨምሮ የሚሸከመው አንድ ቶን ግድም ነው። አራት ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ውሃ 80 ኪሎ፣ ባለ 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ 30 ኪሎ ግድም፣ ቡታጋዝ ከነብረቱ 25 ኪሎ ያህል። ይህ ሁሉ ወለል ላይ፣ ከኋላ ጎማ ፈንጠር ብሎ ወደ ፊት ይቀመጥ። ፖርቶመጋላ ላይ ጄሪካን የሚደረድር ሰው የመጀመሪያው ኩርባ ላይ መኪናው እንደ ዳንሰኛ ትከሻውን ሲሰብቅ ያየዋል። «ይህም ያስፈልገኛል፣ ያም ያስፈልገኛል» ለሚል ሰው ወሎ የራሷ ማስረጃ አላት፦ ዐፄ ቴዎድሮስ 7 ቶን ግድም የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር አስነስተው መንገድ እያስጠረጉ ሲያስጎትቱ ወራት ፈጅቶባቸው በ1860 መቅደላ አገቡት። መድፉ አሁንም እዚያው ነው። ያን ያህል ዕቃ ይዞ የወጣ ሰው መውረጃውን ማሰብ አለበት።

መውረድ ካነሳን፣ ደሴ 2,500 ሜትር ግድም፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ግድም ላይ ናቸው። ይህን ልዩነት መንገዱ በ25 ኪሎ ሜትር ውስጥ እየተጠማዘዘ ይጨርሰዋል። ነዳጅ ቆጣቢ ነኝ ባዩ እዚህ ላይ ማርሹን በፎሌ ለቆ ፍሬን እየረገጠ ይወርዳል። ፍሬን ሸራው ይግላል፣ መያዝ ይተዋል፤ ዓመታት ያልተቀየረ የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ስለሚጠጣ ቶሎ ይፈላል፤ እንፋሎት ደግሞ ሲረገጥ ይጨመቃልና ፔዳሉ ወለል ይነካል። መድኃኒቱ ሁለት ነው፤ ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ መለወጥ፣ ቁልቁለቱንም ሽቅብ በሚወጣበት ማርሽ መውረድ። ሽቅቡ ላይ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከአየሩ መሳሳት የተነሳ ደሴ ሲደርስ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ስለሚያጣ፣ ከኋላ ያለው ሲኖትራክ ቢነፋም ባይነፋም ለውጥ የለውም።

ይህ ከፍታ አንድ ጥቅም አለው። ደሴ ላይ ብርዱ ከጠና ማሞቂያ አይገዛም፤ ወደ ኮምቦልቻ ይወረዳል፣ አራት ዲግሪ ያህል ይገኛል። ካልበቃ ባቲ አለች። ችግሩ «ልወርድ ነው» የሚለው ወሬ ነው። አንዴ ካመለጠ «እግረ መንገድህን» ይጀመራል፦ ለእኅት የሚደርስ አንድ ፌስታል በርበሬ፣ ለአማች የሚደርስ ሞባይል፣ በመጨረሻም እኅትዬው ራሷ። የአገሪቱ ትልቁ ጭነት አመላላሽ ድርጅት «እግረ መንገድህን» ነው፤ ታሪፍ የለውም፣ ደረሰኝ አይሰጥም፣ ቅሬታ ግን ይቀበላል።

ኤሌክትሪክ ላይ ደግሞ አብዛኛው ጀማሪ የሚወድቀው ምጣድ ላይ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ይስባል። በ12 ቮልት ሲካፈል 290 አምፔር ነው። ባለ 100 አምፔር ሰዓት የአሲድ ባትሪ ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሽ በታች መውረድ የለበትም፤ ስለዚህ በወረቀት ላይ አሥር ደቂቃ ይሰጣል፣ በተግባር ከዚያ ያነሰ። ምጣዱ ለመጋል ብቻ ያንን ያህል ይፈልጋል። የመጀመሪያዋ እንጀራ ዓይን ሳታወጣ ባትሪው ዓይኑን ይጨፍናል። እንጀራ ከየከተማው ይገዛ፤ ቆላ ላይ በሦስተኛው ቀን ሻጋታ ስለሚጀምረው የተረፈው በጊዜ ይድረቅ። አሞሌና ቡና ይዘው እነዚህን ተራሮች ያቋረጡት ሲራራ ነጋዴዎች ድርቆሽና በሶ ስንቃቸው የነበረው ሶላር አጥተው አይደለም፤ በሶ ከውሃ በቀር ምንም አይጠይቅም።

ለመብራትና ለስልክ ባለ 100 ዋት ሶላር ይበቃል፤ ጥሩ ፀሐይ ባለበት ቀን 400 ዋት ሰዓት ግድም ያስገባል። በዚህ ኬክሮስ ላይ ማዘንበልም አያስፈልግም፤ ጣሪያው ላይ ለጥ ብሎ ይታሰር። ግን ይህ ስሌት የአንድ ሰው ነው። መብራት የጠፋበት ሰፈር ውስጥ ሶላር የተሸከመ መኪና ሲቆም እስከ ቀትር ሃያ ስልክ ይሰበሰባል። አንዱ ስልክ 15 ዋት ሰዓት ቢጠጣ ሃያው 300፣ ኢንቨርተሩ (የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ዕቃ) በሙቀት የሚያባክነው ሲጨመር ወደ 350። ለባለቤቱ አንድ አምፖል ይቀርለታል፤ እሱንም ሰው ስልኩን የሚፈልግበት ነው። እምቢ ማለት አይቻልም፤ ሰዓት መወሰን ግን ይቻላል። ከ5 እስከ 9 ሰዓት ፀሐይዋ አናት ላይ ስላለች ስልኮቹ ከባትሪው ሳይሆን ከሶላሩ ይበላሉ። ኢንቨርተሩን ትቶ በ12 ቮልት ቻርጀር መሙላትም ብክነቱን ይቀንሳል። ስልኮቹ ላይ የየባለቤታቸው ስም በፕላስተር ይለጠፍ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ጥቁር ቴክኖ ናቸው።

አሁን ወደ ቡናው።

ወሎ ውስጥ ቡና የሚጠጣው ለብቻ አይደለም፤ ለብቻው የሚጠጣ ሰው ይታዘንለታል፣ ቀጥሎ ይጠረጠራል። ስለዚህ መኪናው ስኒ ቢያንስ አሥራ ሁለት፣ ጀበና ሁለት ይያዝ። ሁለተኛው ጀበና ቅንጦት አይደለም፤ የመጀመሪያው አንገቱ የሚሰበረው መቼ እንደሆነ እንጂ መሰበሩ አያጠያይቅም። ጀበናው ቀዝቅዞ፣ ደርቆ፣ በጋቢ ተጠቅልሎ ባልዲ ውስጥ ቆሞ ይጓዝ፤ ማቶቱም አብሮ ይግባ፣ አለዚያ ሜዳው ላይ ጀበና ማስደገፊያ ድንጋይ ፍለጋ ይወጣል። ረከቦቱ ጠርዝ ያለው ይሁን።

ከሰል በምንም ምክንያት መኪናው ውስጥ አይገባም። ይህ ቀልድ የለውም። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ራስ ያሳምማል፣ እንቅልፍ ያመጣል፣ ከዚያ አያስነሳም። ጠፍቷል የተባለ ፍምም ያው ነው። አደጋውን የሚያብሰው ደግሞ መስኮት ላይ ያለን ጠባይ ነው። ደሴ ላይ ሌሊት ሁለት ሰው ሲተነፍስ ያደረ መኪና ጠዋት ጣሪያው ያንጠባጥባል፤ ስለዚህ ፊትና ኋላ ሁለት መስኮት በሁለት ጣት ያህል ተከፍቶ ማደር አለበት። እንግዳው ግን ገና ሳይቀመጥ «ንፋስ እንዳይመታን» ብሎ ይዘጋዋል። በመስኮት ንፋስ የሞተ ሰው ስም የሚጠራ የለም፤ ሁሉም ግን ያውቀዋል። መፍትሔው ክርክሩን ወደ ውጭ ማውጣት ነው፦ 3 ሜትር በ2 ሜትር ሸራ ከመኪናው ጎን ይታሰር፣ ሁለት ቋሚና አራት ካስማ ይበቃዋል፣ ከሰሉም ቡናውም ክርክሩም ከሸራው ሥር ይሁን። ቡታጋዙ ላይም ተመሳሳይ ጥንቃቄ አለ፤ ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈስ ወለል ላይ ይተኛል፤ የተቀመጠበት ሳጥን ወደ ውጭ የሚያስተነፍስ የወለል ቀዳዳ ይኑረው፣ ሲሊንደር በተቀየረ ቁጥርም መጋጠሚያው በሳሙና አረፋ ይታይ።

አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ እስኪያልቅ ከአንድ ሰዓት ተኩል በታች ማሰብ ዘበት ነው። ከአቦል ላይ መነሳት ነውር፣ ከቶና ላይ መነሳት ጠብ ነው። በመጨረሻ ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው ዱአ ያደርጋሉ፤ ጎማው፣ ሞተሩ፣ ያልተወለዱት ልጆች ሳይቀሩ ይመረቃሉ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም «አሚን» ይላል። ከደሴ ወልድያ 120 ኪሎ ሜትር ነው። ሹፌር በሦስት ሰዓት ይገባል። ባለ ጎማ ቤት ግን ሐይቅ ላይ፣ ውጫሌ ላይ፣ ውርጌሳ ላይ፣ መርሳ ላይ ቡና ስላለበት በሳምንቱ ቢገባ ፈጥኗል። (ውጫሌ ላይ የሚፈረም ነገር ከቀረበ 1881ን አስቦ አንቀጹን ሁለቴ ማንበብ አይከፋም።)

ከእንግዶቹ መካከል የሶላት ሰዓት የደረሰበት ይኖራል። ውሃ ይቅረብለት፤ ለውዱእ በሰው ሁለት ሊትር በዕለቱ የውሃ በጀት ውስጥ ይያዝ። ቂብላ ለመጠቆም ኮምፓስ አያስፈልግም፤ መካ ከደሴ ብትታይ ከሰሜን ብዙም ፈቀቅ አትልም፣ መኪናው አፍንጫውን ወደ ወልድያ አድርጎ ከቆመ አቅጣጫው እሱ ነው። ምግብ ላይ ደግሞ ብልሃቱ ሥጋ አለመያዝ ነው። አንዱ የሌላውን እርድ ስለማይበላ ቤት ያለው ወሎዬ ለእንግዳው ለብቻ ያሳርዳል፣ ዕቃም ለብቻ ያስቀምጣል፤ አራት ካሬ ሜትር ውስጥ ግን ሁለት ድስት ማስቀመጫ የለም። ሽሮ ሁሉንም ያስታርቃል፣ ረቡዕና ዓርብንም አያፈርስም። ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ሳይሞላ ስለሆነ ምስርና አተር ቶሎ አይበስሉም፤ ከማታው ካልተዘፈዘፉ ጋዙ ቀድሞ ያልቃል።

አዲስ ቦታ ሲደረስ ከ11 ሰዓት በፊት ይደረስ። ሲመሽ የመጣ መኪና ጸጉረ ልውጥ ነው፤ ሚሊሻ ያንኳኳል፣ ሲያንኳኳም ደግ አደረገ። በጊዜ የመጣ ሰው ግን ወርዶ ሰላምታ ይሰጣል፣ ሽማግሌ ይጠይቃል፣ «የማን ልጅ ነህ?» ሲባል ቢያንስ እስከ አያቱ ይቆጥራል። «ቤት የለህም ወይ?» ለሚለው «አለኝ፣ ይኸው» ብሎ መኪናውን ማሳየት አያዋጣም፤ ድሃ ያስመስላል። በሦስተኛው ቀን መሬት የሚያፈላልጉለት፣ በአምስተኛው ልጅ የሚያጩለት ለዚህ ነው።

በአምስት ደቂቃ የሚነቀለው አልጋ የሚያስፈልገው ደግሞ ሌሊት ነው። በር ሲንኳኳ ምጥ የያዛት ሴት አለች ማለት ነው፤ ፍራሹ ወለል ላይ ይዘረጋል፣ መኪናው ወደ ቦሩ ሜዳ ወይም ወደ ደሴ ሆስፒታል ይከንፋል። ስለዚህ ሲቆም ሁልጊዜ አፍንጫው ወደ መውጫው ይሁን፤ ታንከሩም ከሩብ በታች አይውረድ።

አንድ ወር ከተቆየ የቅሬው፣ ማለትም የወሎው ዕድር፣ ጸሐፊ መዝገቡን ይዞ መምጣቱ አይቀርም። «የቤት ቁጥር» በሚለው ዓምድ የታርጋ ቁጥር ይጻፋል፤ ከዚህ ቀደም እንዲህ ያለ ስላልነበረ ስብሰባ ይጠራል። ክርክሩ የታወቀ ነው፦ ሐይቅ ላይ ከፍሎ መርሳ ላይ ቢሞት ማን ይቅበረው? ሁለቱም ቦታ ይክፈል የሚሉ አሉ፣ አስከሬኑን የራሱ መኪና ያምጣው የሚሉም አሉ። የሚስማሙት በአንድ ነገር ነው፤ ድንኳኑን፣ አግዳሚውንና ትልልቁን ድስት የሚያመላልስ መኪና ቅሬው ኖሮት አያውቅም። የኋላ ወንበሮቹን ነቅሎ የሸጠ ካለ ከወዲሁ ያስመልስ፤ ለቀስተኛውንም ማድረስ አለበት።