«ፒዲኤፉ አለኝ»

«ጋሼ፣ ልቦለድዎን ጨረስኩት! የቀጣዩ ፒዲኤፍ መቼ ይለቀቃል?»

ትናንት አመሻሽ ነው፣ ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር። ልጁ ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ። አራት ዓመት የለፋሁበት መጽሐፍ ቴሌግራም ላይ ተለቋል። ገጹ ሁሉ አንድ በአንድ ፎቶ ተነስቷል። አንዱ ገጽ ላይ ያነሳው ሰው አውራ ጣት ከነጥፍሩ ይታያል። የመጨረሻውን መስመር ሸፍኖታል። ያን መስመር ስንት ሌሊት እንደታገልኩት ማን ያውቃል?

በቃ! አሁንስ መረረኝ!

ከሥሩ «እናመሰግናለን» የሚል መዓት አስተያየት። ማንን ነው የምታመሰግኑት? የሰረቀኝን? የማተሚያ ቤት ዕዳ ያለብኝ እኔ! ካርቶን ተሸክሜ ከሱቅ ሱቅ የምዞረው እኔ! ባለሱቁም «አይሄድም፣ ሰው በስልኩ ይዞታል» ብሎ ይመልሰኛል።

ስልክ ላይ ማንበብ አልጠላሁም። መብራት ሲጠፋ እኔም የማነበው በስልኬ ነው። ግን ገዝቼ! ለማኪያቶ የሚዘረጋ እጅ ለመጽሐፍ ሲሆን ለምን ያጥራል?

ሕግ የለም እንዳይባል የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ። ደራሲው በሕይወት እስካለ፣ ከሞተም በኋላ 50 ዓመት መብቱን ይጠብቃል። ማን ያስከብረው?

የጥንት ጸሐፊዎች እንኳ ብራናቸው ላይ፣ የሰረቀውና የፋቀው በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን ብለው ይጽፉ ነበር። እነዚህ ከፊታችን ያሉት የጣና ገዳማት ስንቱን ብራና ጠብቀው አቆዩልን! እኛ አንድ ልቦለድ ስድስት ወር ማቆየት አቃተን?

ልጁ አሁንም መልስ ይጠብቃል። «ቀጣዩስ፣ ጋሼ?»

ቀጣዩን በምን ላሳትመው?